ለሁለተኛው ሕፃን እቅፍ ፍለጋ

ከደሴ ተነሥቶ አዋሳ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። እኛ እዚያ ጉዳይ የለንም፣ እነሱም እኛ ዘንድ የላቸውም። እኔን የወሰደኝ የሥራ ትእዛዝ ነበር፤ የሐይቁን ዓሣ አጥማጆች ማኅበር አይተህ ጻፍ ተባልኩና ሄድኩ። ስለ ማኅበሩ የጻፍኩት በጊዜው ወጥቷል። ከተመለስኩ በኋላ ግን ጎረቤቶቼ ስለ ሐይቁ ሲጠይቁኝ መልሴ ሁልጊዜ ስለ አንዲት አያትና ስለ ሕፃናት የአውሮፕላን ቲኬት ሆነ። ከወሬ ይልቅ ጽሑፍ ይሻላል ብዬ ነገሩን ከመነሻው ላስቀምጠው።

ረቡዕ

ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ያለውን መንገድ አንባቢ ያውቀዋል፤ እዘለዋለሁ። ከአዲስ አበባ ማለዳ ተነሥተን ሞጆ ላይ ወደ ደቡብ ስንታጠፍ የመጀመሪያው ልዩነት ታየኝ። መንገዱ አይወጣም፣ አይወርድም። በእኛ መንገድ ሾፌር ማርሽ ሲቀይር ተሳፋሪ ይጸልያል። እዚህ ሾፌሩ አንድ እጁን በመስኮት አውጥቶ ያፏጫል።

ኬላ ላይ ወርደን ተፈተሽን። የይለፍ ወረቀቴን የተቀበለው ጥበቃ ገልበጥ አድርጎ አየውና፣

«ደሴ?» አለኝ።

«አዎ።»

«ብርዱ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው፣ ሰላም ብሎሃል» አልኩት። ሳቀና ሻንጣዬን ሳይከፍት አሳለፈኝ።

ዝዋይ ላይ ለምሳ ቆምን። የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ በሚጥሚጣ ቀረበልን። የሐይቅን ዓሣ የቀመሰ ወሎዬ ጣዕሙን አይስተውም፤ ልዩነቱ እዚህ ሰው ዓሣን እንደ ዘወትር ምግብ መብላቱ ነው። እኛ ዘንድ ጾም ሲገባ ነው የምናስታውሰው።

ከምሳ በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። ወራቱ የክረምት መግቢያ ነበርና አንድ ወንዝ ሞልቶ አስፋልቱ ላይ ሲፈስ ደረስንበት። ሾፌሩ ወርዶ ውኃውን በእንጨት ለካና «ባዶውን ላሻግረው፣ እናንተ በእግር» አለ። ጫማችንን በእጃችን ይዘን እየተደጋገፍን ተሻገርን። ከፊቴ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ነበር፤ ልጁ በእናቱ ትከሻ ላይ አገጩን አስደግፎ ውኃውን እንደ ትርዒት ያይ ነበር። ወዲያ ማዶ ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ እየቆጠረ አስገባን። ሴትየዋ ጋ ሲደርስ አንድ ብሎ አለፈ።

«ልጁስ?» አለው ከኋላዬ ያለ ሰው።

«የታዘለ አይቆጠርም» አለ ረዳቱ። ሰውም ልክ ነህ አለው። እኔም ልክ ነው ብዬ ነበር።

አዋሳ የደረስነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ወረቀት ላይ አዋሳ ትባላለች፤ የአገሩ ሰው ግን ሲጠራት ሀዋሳ ይላል። ከተማዋ እንደ ጠረጴዛ ሜዳ ናት። ሰው ሁሉ ብስክሌት ላይ ነው፤ አስተማሪው፣ ነርሷ፣ ዳቦ የያዘው። ደሴ ላይ ብስክሌት የገዛ ሰው አንድ ጊዜ ወደ ፒያሳ ይወርድበታል፣ ከዚያ በኋላ ተሸክሞት ነው የሚመለሰው። ብስክሌት የሌለው በጋሪ ይሄዳል። እኔም በጋሪ ሆቴል ፈለግኩ።

ሆቴሎቹ በስብሰባተኛ ተሞልተው ነበር። ሦስተኛው ላይ እንግዳ ተቀባዩ አዘነልኝና «መሃል ከተማ እማማ ዘሀራ ጋ ይሂዱ፤ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ፣ ከሱቁ ጀርባ አንድ ክፍል አለቻቸው» አለኝ።

ወይዘሮ ዘሀራ ከስልጤ አገር በልጅነታቸው የመጡ፣ ባላቸው ሞቶ ሱቁን ራሳቸው የያዙ ሴት ናቸው። ከላይ እስከ ታች ለኩኝ፤ ጨርቅ የሚለካ ሰው ዓይን አላቸው።

«ትጠጣለህ?» አሉኝ።

«አልጠጣም።»

«ታመሻለህ?»

«በጊዜ ነው የምተኛው፣ እማማ።»

«እንግዲያው ግባ፣ ልጄ።»

ለእራት ቆጮ በጎመንና በአይብ ቀረበ። ቆጮ ስበላ የመጀመሪያዬ ነበር። እንጀራ መስሎኝ በትልቁ ቆርጬ አፌ ውስጥ ከተትኩና ለረጅም ጊዜ ሳኝክ ቆየሁ። ወይዘሮ ዘሀራ ወደ ሌላ ወገን እያዩ ጠበቁኝ። ቀጥለው የእኔን ድርሻ በትንንሹ እየቆረጡ ከፊቴ አስቀመጡልኝ።

ምራታቸው ሙኒራ፣ ዝምተኛ ወጣት ሴት፣ ሕፃን ይዛ ወጣች። ዓመት አልፎታል፣ ሁለት አልሞላውም። «አቡሽ ይባላል» አሉ አያቱ። አቡሽ መነጽሬን ከአፍንጫዬ ላይ አንሥቶ ሳቀብኝ። ሕፃን እንዲህ በቶሎ ወዶኝ አያውቅምና ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሐሙስ

ጠዋት አቡሽን በረንዳ ላይ አገኘሁት። ትናንት የተዋወቅን መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። አየኝና ጅብ እንደመጣበት ጮኸ። ወይዘሮ ዘሀራ ከሱቁ ሮጠው አነሡት።

«ትናንት ወዶኝ ነበር» አልኩ።

«ልጅ አይደል» አሉ፤ ይዘውት ገቡ።

ቀኑን በሐይቁ ዳር ዋልኩ። ዓሣ አጥማጆቹ ሌሊት የጣሉትን መረብ ጠዋት ይስባሉ። የዓሣውን ሆድ ዕቃ የሚጠብቁ አባ ኮዳ የሚባሉ ወፎች፣ ቁመታቸው የትንሽ ሰው ያህል፣ ራሰ በራ፣ እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ተሰልፈው ይቆማሉ። አንዱ ከኋላዬ መጥቶ የኮቴን ኪስ በመንቁሩ ፈተሸ። አጥማጆቹ እስኪበቃቸው ሳቁ። አንደኛው «ጓድ ጋዜጠኛ፣ እሱ የእኛ ኬላ ነው» አለኝ። ከዚያ ትኩስ የዓሣ ሾርባ በጣሳ ሰጡኝ፤ እጄን ያሞቅልኝ ዘንድ። ሙቀቱ ያስፈለገው ለደሴ ሰው ሳይሆን ለእነሱ ነበር፤ ያን የሐይቅ ነፋስ እነሱ ብርድ ይሉታል።

ወደ ማታ ስመለስ ወይዘሮ ዘሀራ ከመደርደሪያው ጀርባ የጨርቅ ሜትሩን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ሁለት ደንበኛ ቆሟል፤ አያስተናግዱም። የሆነውን የነገረችኝ ሙኒራ ናት።

ልጃቸው ከድር፣ የሙኒራ ባል፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ውጭ አገር፣ ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ፣ ለአምስት ዓመት እንዲማር ተመርጦ ልጁ ገና አራስ ቤት ሳለ ለዝግጅት አዲስ አበባ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ አይለቁትም። የሚሄደው ከወር በኋላ ነበር። ዛሬ ግን ከሱቁ አጠገብ ወዳለው መድኃኒት ቤት ስልክ ደውሎ ቀኑ ተለውጧል፣ እሁድ እንበራለን ብሏል። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ቤተሰብ እንዲሰናበት ፈቃድ አላቸው።

«ነገ በአውቶቡስ ትደርሳላችሁ» አልኳት።

«መንገዱ ተቆርጧል፣ ጋሼ። እርስዎ የተሻገሩት ውኃ አስፋልቱን ወስዶታል። ከሻሸመኔ የመጣ ሾፌር ነው የነገረን።»

እኔም በዚያው መንገድ ነበር የምመለሰው። የቀረው አውሮፕላን ብቻ ነው፤ እሱም ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጊዜ ይነሣል።

ዓርብ

የአየር መንገዱ ቲኬት ቢሮ አንዲት ክፍል ናት። ስንደርስ ሰልፉ በረንዳውን አልፏል፤ መንገዱ መቆረጡን የሰማ ሁሉ መጥቷል። እኔ ከፊት፣ ወይዘሮ ዘሀራ ከኋላዬ፣ ሙኒራ አቡሽን ታቅፋ ከእሳቸው ኋላ ቆምን። አቡሽ ዛሬ እንደገና ይስቅልኛል። በሥራዬ ብዙ ተለዋዋጭ ሰው አይቻለሁ፤ እንደዚህ ሕፃን ያለ ግን አላጋጠመኝም።

ቲኬት የምትቆርጠው ወይዘሪት ሰናይት የምትባል፣ ፀጉሯን አጥብቃ ያሰረች ልጅ ናት። ከእኛ ፊት አንዲት እናት ወንድ ልጇን ይዛ ትከራከራለች።

«ሁለት ዓመት አልሞላውም ብያለሁ! በእቅፌ ነው የሚሄደው።»

«እህቴ፣ ሁለት ያለፈው ልጅ የራሱ ወንበር አለው፤ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል።»

«አልሞላውም!»

ልጁ በበኩሉ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መፈክር በጣቱ እየተከተለ «አ...ብ...ዮ...ት» ብሎ ማንበብ ጀመረ። ቢሮው በሳቅ ተናወጠ።

«ሁለት ዓመት ሳይሞላው መፈክር የሚያነብ ከሆነ» አለች ሰናይት ሳትስቅ፣ «እናንተን እኮ ነጻ ልናሳፍራችሁ ይገባል።» እናትየውም ራሷ ስቃ የግማሹን ከፈለች።

የእኔ ቲኬት ተቆረጠ። ቀጥሎ ወይዘሮ ዘሀራ ቀረቡ።

«አንዲት እናት፣ አንድ ሕፃን» አሉ።

«ዕድለኛ ናችሁ፤ ይህ የመጨረሻው ወንበር ነው» አለች ሰናይት። ከኋላችን ሰልፉ አጉረመረመ። «ሕፃኑ ወንበር የለውም፣ በእናቱ እቅፍ ነው። ከሙሉው ዋጋ አንድ አሥረኛውን ይከፍላል። ስሙ ማነው?»

«አቡሽ» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ ፈጠን ብለው።

«እማማ፣ አቡሽ የቤት ስም ነው። እኔ የምጽፈው ዋናውን ነው።»

ሰናይት ጠበቀች፤ ሰልፉም ጠበቀ። በመጨረሻ ሙኒራ አንገቷን እንደደፋች «ሐሰን» አለች።

ሰናይት ጻፈች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ አነሣችና ቀስ ብላ፣

«ሑሴንስ?» አለች።

ለወሎ ሰው ይህን ማስረዳት አያሻም፤ ለሌላው አንባቢ ግን፣ በሙስሊም ቤት መንታ ወንዶች ሲወለዱ ሐሰንና ሑሴን ይባላሉ። ሐሰን የተባለ ሁሉ መንታ አለው ማለት አይደለም። ነገር ግን አያቱ ስሙን ከደበቁት፣ እናቱም አንገቷን ደፍታ ከተናገረችው፣ የመሃል ከተማ ልጅ የሆነች ቲኬት ቆራጭ መጠየቋ አይቀርም።

ወይዘሮ ዘሀራ ዝም አሉ። ሰናይት ዝምታውን ሞት አድርጋ ተረጎመችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ይቅርታ፣ እማማ። አላህ ያጽናናችሁ፤ አላወቅኩም ነበር» አለች።

«አስተግፊሩላህ!» ብለው ጮኹ ወይዘሮ ዘሀራ። «ልጄ አለ! ደህና ነው! ቤት ተኝቷል!»

ቢሮው ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። «መንታ ናቸው ለካ!» አለ አንዱ፤ ሌላው «ማሻአላህ በል!» ብሎ ገሠጸው። ወይዘሮ ዘሀራ ነጠላቸውን አውርደው ሐሰን ፊት ላይ ጣሉት። እኔ ደግሞ የሚስቀውና የሚያለቅሰው አቡሽ ሁለት መሆናቸውን ያወቅኩት እዚያው ቆሜ ነው።

«ታዲያ ሁለተኛው በማን ቲኬት ሊሄድ ነበር?» አለች ሰናይት።

«በማንም። በእናቱ ጀርባ።»

«እንዴት?»

«አንዱ በእቅፏ፣ አንዱ በጀርባዋ። የታዘለ ልጅ ማን ይቆጥራል? ዕድሜ ልኬን በአውቶቡስ ስሄድ የታዘለ ተቆጥሮ አያውቅም።»

«አውሮፕላን ይቆጥራል፣ እማማ። ልጅ አዝለው አይቀመጡበትም። አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ አንድ ሰው ሁለት ሕፃን ይዞ መውጣት አይችልም። ለእያንዳንዱ ሕፃን የአንድ አዋቂ እቅፍ ያስፈልጋል። ሕጉ ይህ ነው።»

«እኔስ? እኔ እቅፍ የለኝም?»

«እርስዎ እቅፍ አለዎት፤ ወንበር ነው የሌለኝ» አለች ሰናይት፤ ድምፅዋ ለስልሶ ነበር። «ወንበር ያለው፣ ሕፃን ያልያዘ፣ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ካገኛችሁ ሁለተኛውን በእሱ ላይ እጽፈዋለሁ። ሰው መለመን ግን የእኔ ሥራ አይደለም።»

ወይዘሮ ዘሀራ ዞር ብለው ሰልፉን አዩ። ሰልፉ ውስጥ ያለ ሁሉ ወንበር ያላገኘ ነው። አንዱን ይዛ ሌላውን እንዳትተው ሙኒራ ሁለቱንም ታጠባለች። አንዱ ቢቀር ደግሞ አባቱ ሲያየው ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው።

«እኔ ወንበር አለኝ» አልኩ።

ወይዘሮ ዘሀራ ያዩኝ በምስጋና አልነበረም። እንደ መጀመሪያው ቀን ከላይ እስከ ታች ለኩኝ።

«ሲያይህ ያለቅሳል» አሉ።

«ሐሰን ይስቅልኛል።»

«ሐሰን ለሁሉም ይስቃል። ሑሴን ነው የሚያለቅሰው።»

«ሐሰን በእናቱ ላይ ተጽፏል፤ አልሰርዝም» አለች ሰናይት። «እርስዎ ሑሴንን ነው የሚይዙት።» በቲኬቴም ላይ ጻፈችው።

ከሰዓት ወይዘሮ ዘሀራ ሱቁን ዘግተው ጓዳ አስገቡኝ። ሁለቱን ልጆች ጎን ለጎን ያየሁት ያን ጊዜ ነው፤ አንድ ሸማኔ የሠራቸው ሁለት ጋቢ ይመስላሉ። ልጆቹ ከተወለዱ ጀምሮ አንዱ ሲወጣ ሌላው እንደሚገባ ወይዘሮ ዘሀራ ነገሩኝ። ደንበኛ አያውቅም፣ ቀበሌ አያውቅም። የእህታቸው መንታ ሴት ሕፃናት በሰው ሠርግ ላይ በአንድ ልብስ ታይተው፣ ሰው ሁሉ አድንቋቸው፣ ሳምንት ሳይሞላ ተከታትለው ሞተዋል።

«ዓይን በላቸው» አሉ።

ኩፍኝ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። አልተናገርኩም። እሳቸው ሁለት ሬሳ አይተዋል፤ እኔ ያየሁት የለም።

«ከድርስ ሁለቱም እንደሚመጡ ያውቃል?» አልኳቸው።

ሜትሩን አነሡ፣ አስቀመጡ። «ሁለቱም ደህና ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መድኃኒት ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። ‹ልጁ ደህና ነው፣ ልጁን እናመጣለን› አልኩት። ደግሞ ‹ሁለቱም?› አለኝ። ‹ልጁ› አልኩት። መስመሩ ተቋረጠ።»

መልሰው ሊደውሉለት አልቻሉም፤ ያለበትን ቦታ ስልክ አያውቁም።

«አሁን ስማኝ» አሉኝ። «ሰው ፊት አብረው አይታዩ። አንተ ለብቻህ ግባ፣ ለብቻህ ውጣ። ለአባቱ የምታርፉበት ቤት ከገባችሁ በኋላ ስጠው። ቃል ስጠኝ።»

ቃል ሰጠኋቸው።

ከዚያ ሑሴንን አስታቀፉኝ፤ ልምምድ መሆኑ ነው። ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። ሙኒራ በሩ ላይ ቆማ ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ወይዘሮ ዘሀራ ጥቂት አይተው የራሳቸውን ነጠላ ከትከሻቸው አውልቀው በእኔ ላይ ደረቡት። «ሽታዬን ያውቃል» አሉ። ሑሴን ነጠላውን አሸተተ፣ የሸሚዜን ቁልፍ በጡጫው ያዘ፣ ዝም አለ።

ቅዳሜ

በሁለት ጋሪ ሄድን። ሙኒራና ሐሰን ቀደሙ። እኔ ከወይዘሮ ዘሀራ ጋር፣ የሴት ነጠላ ለብሼ፣ ሑሴንን ከሥሩ ይዤ ተከተልኩ። ባለጋሪው ከአንዴም ሁለቴ ዞሮ አየኝ።

«ጋሼ፣ ልጁ የእርስዎ ነው?»

«የእሳቸው ነው» አልኩት።

«ነጠላውስ?»

«እሱም የእሳቸው ነው።»

«እርስዎስ?» አለኝ።

«መንገድህን ንዳ!» አሉት ወይዘሮ ዘሀራ።

የአውሮፕላኑ ሜዳ ሣር ነው። ከደሴ ወርደን ኮምቦልቻ የምናየው ሜዳ ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከተማ ነው። ጠዋት ላም አባርረውበታል። ፈታሹ ወታደር ሻንጣዬን በረበረ፤ ሑሴን ጋ ሲደርስ የታጠቀውን ጨርቅ ዳበስ አደረገና እጁን ወዲያው ሰበሰበ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የግል ንብረቱ ነው» አልኩት። እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ አሳለፈን።

ሰናይት እዚያም ነበረች፤ መንገደኛ ታስመዝናለች። ሑሴንን ከእኔ ጋር ሚዛን ላይ አወጣችን። «ሑሴን አንድ» ብላ ጻፈች። ወይዘሮ ዘሀራ ሲቆጠር ሰምተው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሐሰንን በአንድ ጥግ፣ ሑሴንን በሌላ ጥግ ስመው ከጋሪው አጠገብ ቆመው ቀሩ።

አውሮፕላኑ ሲነሣ ሕፃናት ጆሯቸው እንዳይደፈን ይጠቡ ትላለች አስተናጋጇ። ሙኒራ ሐሰንን አጠባች። ለእኔና ለሑሴን ከረሜላ ተሰጠን፤ ሑሴን የእኔን ከአፌ ላይ ነጠቀኝ። ግማሽ መንገድ አለቀሰ፤ ግማሹን ነጠላውን እያኘከ በመስኮት አየ። ሐይቆቹ ከታች እንደ ተበተነ መስተዋት ተደርድረዋል። ረቡዕ በእግር የተሻገርኩትንም ቦታ አየሁት፤ አስፋልቱ ጥቁር ሆኖ መጥቶ ይቆማል፣ ቡናማው ውኃ ያልፋል፣ አስፋልቱ ወዲያ ማዶ እንደገና ይጀምራል።

ልንወርድ ስንል ሙኒራ «ጋሼ፣ ሑሴንን ይስጡኝ፤ የእሱ ተራ ነው» አለችኝ። በመተላለፊያው ላይ ተለዋወጥን። ሐሰን ገና እቅፌ ውስጥ ሳይገባ መነጽሬን አወለቀ።

አዲስ አበባ ካረፍን በኋላ ቃሌን ለመጠበቅ ሰው ሁሉ እስኪወርድ ተቀመጥኩ። ሙኒራ ሑሴንን ታቅፋ ከመጀመሪያዎቹ ጋር ወረደች። እኔ ሐሰንን በነጠላው ሸፍኜ በመጨረሻ በሩ ላይ ስደርስ ከአጥሩ ወዲያ ከቆመው ሰው መካከል ከድርን ለየሁት፤ መንገዱ መቆረጡን ሰምቶ በአውሮፕላን እንደምንመጣ ገምቶ ኖሯል። እናቱን ይመስላል። ለጉዞ የተሰጠው አዲስ ሱፍ ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል።

ሕፃኑን ከሙኒራ ላይ ተቀብሎ ሳመው። ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ጀርባዋን አየ። ጀርባዋ ላይ ምንም የለም። ፊቷን አየ፣ ጀርባዋን ደግሞ አየ። አንድ ነገር ነገረችው፤ የአውሮፕላኑ ሞተር ገና አልጠፋም ነበርና እሱ የሰማ አልመሰለኝም። እሷ እጇን ወደ አውሮፕላኑ ዘረጋች፤ ሰው ግን መሐላቸው ገባ። ከድር ነጻ የሆነ እጁን አንሥቶ አናቱ ላይ ሲያደርግ አየሁ።

ያን እጅ እኛ አገር ሰው የሚያውቀው ለቅሶ ቤት ነው።

ሮጥኩ አልልም፤ ሕፃን የታቀፈ ሰው አይሮጥም። ነገር ግን በሜዳው መሐል ቀጥ ብዬ፣ ነጠላውን ከሐሰን ፊት ላይ ገልጬ፣ መነጽሬን ልጁ እንደያዘብኝ ሄድኩ። ከድር ደብዛዛ ሆኖ ነው የታየኝ። ስቀርበው እጁ ከአናቱ ላይ ወረደ።

«ይህ የቱ ነው?» አለኝ። ድምፁ ተሰነጣጥቋል።

«ሑሴን» አልኩ እኔ፤ «ሐሰን» አለች ሙኒራ፤ እኩል ነው የተናገርነው።

«ቲኬቱ ሑሴን ይላል» አልኩ።

«ቲኬቱን ይተዉት፣ ጋሼ» አለች፤ እያለቀሰች ትስቃለች።

ከድር ሁለቱንም ያዘ። አንዱን በቀኝ፣ አንዱን በግራ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያያል። እንባው በሱፉ ላይ ይወርዳል፤ የሚጠርግበት እጅ የለውም። ሰው ተሰብስቦ ያይ ነበር። አንዲት አንገቷ ላይ ማተብ ያሰረች የማናውቃት አሮጊት ጠጋ ብላ በሁለቱም ላይ «ቱፍ፣ ቱፍ፣ ያሳድግልህ» ብላ አለፈች።

ነጠላውን ለሙኒራ መለስኩላትና ሄድኩ።

ሰኞ

ከድር እሁድ በረረ። እኔ ሰኞ ወደ ደሴ ከመሳፈሬ በፊት ወደ አዋሳው መድኃኒት ቤት ስልክ ደወልኩ። ወይዘሮ ዘሀራን እስኪጠሩልኝ ቆየሁ። ከጀርባ የብዙ ሰው ድምፅ ይሰማኛል፤ ሰኞ ገበያ ሳይሆን አይቀርም።

«ማነው?» አሉ ወይዘሮ ዘሀራ።

«እኔ ነኝ፣ የደሴው እንግዳዎ።»

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን። ልጆቹ ደህና ናቸው።»

«አለቀሰብህ?»

«ግማሽ መንገድ።»

«ጥሩ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ቀንሰው «አብረው ታዩ?» አሉኝ።

«ታዩ፣ እማማ። ቃሌን አልጠበቅኩም።» ያየሁትን ነገርኳቸው፤ የሙኒራን ባዶ ጀርባና የከድርን እጅ።

«አናቱ ላይ?» አሉ።

«አናቱ ላይ።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ከዚያስ? ሁለቱንም ያዘ?»

«ሁለቱንም በአንድ ጊዜ። አዲስ ሱፉን አበላሹበት።»

«የአባት ዓይን ልጅ አይበላም» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅኩም።

በዚህ መሐል አንድ ሰው ከአጠገባቸው «እማማ ዘሀራ፣ ልጁ ደህና ገባ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃቸው በስልኩ ውስጥ ሰማሁ። ሲተነፍሱም ሰማኋቸው። ከዚያ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ አድርገው መለሱለት።

«ሁለቱም ደህና ናቸው! ሐሰንም፣ ሑሴንም!»